ወላጅ አምጣ ያለው ስልክ

እኔ በሙያዬ ወላጅ አስመጪ ነኝ። በወረቀቱ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ይላል እንጂ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሜ የገነነው በካርታ ሥራ አይደለም። ያረፈደ፣ ክፍል ውስጥ የተኛ፣ ከኋላዬ ሆኖ አካሄዴን ያስመሰለ ተማሪ ሁሉ ከእኔ የሚሰማት ቃል አንድ ናት፤ "ወላጅህን ይዘህ ና!" ይህችን ቃል ስናገር ድምፄ እንዴት እንደሚያምር ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ታዲያ አንድ ቀን መዳፍ የማታህል መስታወት ሽበታም አባቴን "ወላጅ ካላመጣህ አላስገባህም" ትላቸዋለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

ስለ ስልኩ ከማውራቴ በፊት ስለ እህቴ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የስልኩ ነገር ትርጉም የለውም።

እህቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። አባቴ ለአንድ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ሊድሯት ቃል ተቀባብለው ሳለ፣ በርበሬ ልትሸጥ ቡሬ ገበያ እንደ ወጣች አረብ አገር ገባች። ባዶው ጆንያ ብቻ በጎረቤት እጅ ተመልሶ መጣ። አባቴ ደግሞ ቄስ ናቸው። ቄስ ይግዛው ብትሉ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ የማያውቃቸው የለም። የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የራሳቸው ሲሆን ግን እንቢ አላቸው። "ሳትጠይቀኝ ሄዳለች፣ ሳትጠይቀኝ ትኑር" አሉና ስሟ በቤታችን እንዳይነሳ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ የግድ ካነሷትም "ያች ልጅ" ናት።

እናቴ በትንሿ ስልኳ ከጥሩወርቅ ጋር ስታወራ አባቴ "ከብቶቹን ልይ" ብለው ይወጣሉ። ከብቶቹ መስክ ናቸው። እሳቸው ግን ከግድግዳው ጥግ ቆመው የጋቢያቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ። እናቴም ይህን ስለምታውቅ ከዚያ ወዲያ የሰማችውን ሁሉ እየጮኸች ትደግመዋለች። "እህ! ጉንፋኑ ለቀቀሽ! እሰይ! ደህና ትበያለሽ!" ሰው የሰማ እንደሆነ እናቴ ጆሮዋ የደከመ ይመስለዋል። ለግድግዳው ነው የምትነግረው።

ጥምቀት አልፎ ጥቂት እንደ ቆየ ስልኩ መጣ። ከአረብ አገር የተመለሰች የዱርቤቴ ልጅ ናት ያመጣችው፤ የተላከውም "ለአባባ" ተብሎ ነው። ለእናቴ አይደለም፣ ለእኔም አይደለም። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ የእኔ ስልክ መስታወቱ በፕላስተር የተያያዘ ነው። ይኸኛው ደግሞ ከነዚያ ባለጠጎች ከሚይዟቸው፣ ጀርባቸው እንኳ ከሚያበራው ነው። አባቴ ገልበጥ አድርገው አዩትና "ምን ያደርግልኛል?" አሉ። ግን መልሱላት አላሉም። ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ ስነሳ እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ። ይህ ራሱ ያልተለመደ ነው።

"ዲያቆናቱ ስልካቸው ላይ ዳዊት አለ፣ ባሕረ ሐሳብም አለ ይላሉ" አሉ ወደ ሌላ እያዩ። "በዚህም ይገባ ይሆን?"

"ምን ችግር አለው አባባ! በአንድ ከሰዓት አስጭኜ አመጣልዎታለሁ። ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበትም አለ" አልኩ፣ ሆን ብዬ።

"እሱን ማን ጠየቀህ?" አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከሉና "አለ እንዴ?" አሉ።

እዚያው በር ላይ ስልኩን ተቀብያቸው ለራሴ ቃል ገባሁ። አባቴን ከልጃቸው ጋር ሳላስተያይ አልቀርም አልኩ። የሚያስፈልገው አንዲት ነገር ስልኩ ላይ ማስጫን ብቻ ነው። ቀላል ነው። በሕይወቴ "ቀላል ነው" ያልኩት ነገር ሁሉ ምን እንዳደረገኝ ሚስቴን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ በሪሁን የሚባል የሞባይል ጠጋኝ አለ። የከተማው ሰው ስልክ ሁሉ የሚመገበው ከእሱ ኮምፒውተር ነው። "ጫንልኝ" ትሉታላችሁ፤ መዝሙር፣ መዝገበ ቃላት፣ ዳዊት፣ የኳስ ጨዋታ፣ ሁሉንም ቀላቅሎ ያፈስላችኋል። የእኛን ስልክ ስሰጠው ግን ገና ሳይነካው፣ በጾም ክትፎ እንደ ቀረበለት ሰው እጁን ሰበሰበ።

"ጋሼ፣ ይሄንን እኔ ጋ አታምጣው።"

"ተበላሽቷል?"

"ኧረ ምርጥ ስልክ ነው። ግን እኔ ምንም አልጭንበትም። አፕ ከፈለግክ ከራሱ ሱቅ ብቻ ነው የምታወርደው። ኩባንያው ስልኩን ይሸጥልሃል፣ በሩን ግን ራሱ ይጠብቃል።"

"በጓሮ በኩል ሸርተት አድርገህ አታስገባውም?"

"ጓሮ የለውም ስልህ! ሰብሮ ማስገባት አለ፤ ከሞተብህ ግን ለቅሶ አልደርስም።" ከዚያ የሆድ የሆዱን አወጣው። "ፈረንጆቹ ራሳቸው በዚሁ ይከራከራሉ አሉ። አንዱ ወገን 'የኛ ሱቅ ብቻ ማለት የሰው ገበያ መዝጋት ነው' ይላል። ሌላው 'ዘበኛ ከሌለ ሌባ ይገባል' ይላል። እኔን ከጠየቅከኝ፣ እንጀራዬን ነው የዘጉት።"

በቃ፣ በሱቃቸው እንገባለን አልኩ። ሱቁ ለመግባት አካውንት ይፈልጋል። ዋይፋይ አለው ወደሚባል ሆቴል ሄጄ፣ ዋይፋዩ የሚሠራባትን አንዲት ወንበር በብዙ ግፊያ ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኩ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ስም፣ መልካም። የአባት ስም፣ መልካም። የትውልድ ቀን ላይ ቆምን። ወደ እናቴ ስልክ ደውዬ አባቴን አስጠራሁ።

"አባባ፣ የተወለዱት መቼ ነው?"

"ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው?"

"ስልኩ ነው የጠየቀ።"

"የጥር ሥላሴ ዋዜማ በለው።"

"ዓመቱስ?"

"አንበጣ የገባ ዓመት።"

"የትኛው አንበጣ?"

"የፊተኛው ነዋ! የኋለኛውንማ እኔው ራሴ ከጤፉ ላይ ሳባርር የዋልኩት አይደል?"

ቀኑንና ወሩን ወደ ፈረንጅ መልሼ ሞላሁ። ዓመቱ ላይ ስልኩ ራሱ የያዝነውን ዓመት ጽፎ ጠበቀኝ። በአንበጣ የሚቆጠር ዓመት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኔም እንደ አገሬ ሰው አሰብኩ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠየቀው በማን ዕለት እንደ ተወለደ ነው፤ ዓመትን ማን ይጠይቃል? ዋናው ሥላሴ መኖሩ ነው አልኩና እንዳለ አሳለፍኩት።

ስልኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያም ለአባቴ ዕድሜያቸው እንዳልደረሰ፣ ወላጃቸው ካልፈቀደላቸው መግባት እንደማይችሉ ገለጸ። በስልኩ ሒሳብ ቄስ ይግዛው የተወለዱት በዚያው ጥር ነው። ክርስትና እንኳ አልተነሱም።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ላስተካክል ብሞክር አይመለስም። አዲስ ልጀምር ብል አይቀበልም፤ በራሴ ስም ልክፈት ብልም ሕፃን ያለበት ስልክ ነው ብሎ ነው መሰለኝ ፊቱን አዞረብኝ። አንዴ ሕፃን ነህ ያለውን ሰው አላሳድግም አለ። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ከዚያው ኩባንያ አካውንት ያለው ትልቅ ሰው ወላጅ ሆኖ ይመዝገብና አባቴን እንደ ልጁ ይቀበላቸው። ከዚያ በኋላ አባቴ ከሱቁ አንድ ነገር በፈለጉ ቁጥር ጥያቄው ወደ ወላጅ ይሄዳል፤ ወላጅ "ይፈቀድ" ወይም "አይፈቀድ" ይላል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ይህ ስልክ ያለው ሰው አፈላለግኩ። የሰማኝ ሁሉ የራሱን ስልክ በደረት ኪሱ ደበቀ። ከማውቀው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ስልክ ያላት የላከችው ብቻ ናት።

አሁን ችግሬ ገባችሁ። ሳትጠይቀኝ ሄደች ብለው የተቀየሙ አባት ዳዊት ለማንበብ ያችን ልጅ ፈቃድ ሊጠይቁ ነው። ይህን ማን ይነግራቸዋል? እኔ አልነግራቸውም። የሰው ወላጅ መጥራት ነው የማውቀው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ጠላው ሲዞር፣ አባቴ "ስልኩስ?" አሉኝ በሰው ፊት። ተንተባተብኩ። ስልኩ ወላጅ አምጡ እንዳለ፣ ዕቃም የሚገባው ኩባንያው ከፈቀደው ሱቅ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። የዓመቱን ነገር ዘለልኩት።

"ወላጅ? እኔን?" አሉ አባቴ። "አባቴ ካረፉ ስንት ዘመናቸው! ከየት ላምጣለት?"

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ግን ነገሩ ወደ ሸንጎ ተለወጠ፤ ከእነዚህ ሰዎች ፊት ነገር ጥሎ በሰላም የወጣ የለም። የነገር አባት የሚባሉት አያ ደሴ ጥዋቸውን አስቀመጡ።

"ቆይ እስቲ። ስልኩ ተሸጧል?"

"ተሸጧል።"

"ተሸጦ ሲያበቃ ምን ይግባበት ምን አይግባበት የሚለው ሻጩ ነው?"

"አዎን።"

"እኔ በሬዬን ሸጬ ሳበቃ፣ ገዢውን 'በእኔ ሞፈር ካልሆነ እንዳትጠምደው' ብለው ምን ይለኛል?"

"ያመመህ ነገር አለ ይልሃል" አለ አንዱ።

የቀበሌያችን አንድ ለእናቱ ወፍጮ ባለቤት የሆኑት አያ ሙሉነህ ለኩባንያው ቆሙ። "ኧረ እንዲያ አይደለም! ሁሉ ያገኘውን እህል ከነጠጠሩ ካስገባ ወፍጮው ይሰበራል። እኔ በር ላይ ቆሜ የማየው ለማን ብዬ ነው? ለእናንተው። ኩባንያውም ጠጠር እንዳይገባ ነው የሚጠብቅ።"

"ማየትህማ ደግ" አሉ አያ ደሴ። "ግን ከእኔ የተገዛ ጤፍ ካልሆነ አልፈጭም ብለኸን ታውቃለህ?"

"አላልኩም።"

"አስበኸው ታውቃለህ?"

አያ ሙሉነህ ጠላቸውን ጠጡ። ጥዋው እስኪደርቅ ከአፋቸው ስላላወረዱት ሰንበቴው ሁለተኛ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ ተፈረደ። ጠጠር መልቀም ይገባዋል፤ ገበያ መዝጋት ግን አይገባውም። ስለዚህ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅ፣ አንድ በግም ይካስ። ፍርዱን ለኩባንያው እንዳደርስ የተመደብኩት እኔ ነኝ። አድራሻውን እስካሁን እያፈላለግኩ ነው።

አባቴ ሳቁ ሲበርድ ተናገሩ።

"በጉንስ ይክፈል። ወላጅ ይጠየቅ ማለቱ ግን አላጠፋም። ሰው ሳይጠይቅ አይገባም፣ ሳይጠይቅም አይወጣም።"

ማንን ለማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ዳቦ የሚቆርሰው እንኳ እጁን አቆመ። አያ ደሴ ለስለስ ብለው "ታዲያ ቄስ ይግዛው፣ መጠየቅ ደግ ከሆነ፣ መጠየቁን ማን ይጀምር ብለን ነው የምንጠብቅ?" አሉ። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ። ሲወጡ ግን ስልኩን ከእኔ ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱትና "የሚጠየቀውን ጠይቅ" አሉኝ ብቻ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ አለ። እዚያ ወጥቼ ለጥሩወርቅ ደወልኩ። የአባቷ ወላጅ እንድትሆን እንደምትፈለግ ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች፤ ወይም ስታለቅስ ሳቀች፣ በስልክ መለየት ያስቸግራል። በማግስቱ ከሥራ እረፍት ስታገኝ የሚደረገውን ሁሉ አደረገች። ቄስ ይግዛው በሕግ ልጇ ሆኑ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴን ጉብታው ላይ ይዣቸው ወጣሁ። ዳዊቱን ፈልጌ ነካሁት። ስልኩ "ጥያቄው ለወላጅ ተልኳል" አለ፤ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ወላጁ ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። መስታወቱን እያዩ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ "ተፈቅዷል" የሚለው መጣ።

"ቶሎ ነው የመጣ" አሉ። ከዚያ ለራሳቸው ይመስል "ምሳ ሰዓቷ ይሆናል" አሉ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከእናቴ ሰማሁ። አባቴ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ጉብታ ሆነ ሥራቸው። ስልኩን በፀሐይ በሚሠራው መብራት ቻርጅ ያደርጉና ይወጣሉ። ሰፈሩ "ቄስ ይግዛው ሱባዔ ገብተዋል" ብሎ ከጉብታው ሥር ሲያልፍ ድምፁን ይቀንስ ጀመር። እኔ ቅዳሜ መጥቼ ስልኩን ብከፍተው ደነገጥኩ። ዳዊትና ባሕረ ሐሳቡ አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጨዋታ፣ የጥፍር ቀለም መምረጫ፣ የአንድ የማላውቀው የባሕር ዳርቻ የአየር ጠባይ፣ የእርግዝና መከታተያ። አርባ ዓመት የቀደሱ ካህን የእርግዝና መከታተያ!

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሥዕሉ ደስ አለኝ" አሉ ቆጣ ብለው።

ለጥሩወርቅ ደወልኩ። "እርግዝናው ደረሰኝ" አለች። "ምን ልበል? ፈቀድኩ። የመኪናውንም ፈቀድኩ። ወንድም ጋሼ፣ አልገባህም እንዴ? አባባ እየጠየቁኝ እኮ ነው።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጂኦግራፊ እንጂ ሌላ ትምህርት አይገባኝም። አባቴ የጥፍር ቀለም አልፈለጉም። ሥዕሉን ነክተው ጥያቄ ይልካሉ፣ ከባሕር ማዶ "ተፈቅዷል" ይመጣል። ለዓመታት ስሟን ያልጠሩት ልጅ በቀን በቀን እሺ ትላቸዋለች። አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ይጨዋወቱ ነበር። ስልኩን ቶሎ መለስኩላቸው።

ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቅዳሜ አባቴ ከጉብታው ጥምጥማቸው ተንጋዶ እየሳቁ ወረዱ። እሳቸው ሲስቁ ካየሁ ስለቆየሁ አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ ሮጥኩ።

"ከለከለችኝ!" አሉ። "አንዲት ባለ ልብ ሥዕል ነበረች፣ ምን እንደሆነች እኔ በምን አውቄ! 'አልተፈቀደም' አለች!"

አየሁት። የካርታ ቁማር ነው።

"እሰይ!" አሉ አባቴ፣ ወደ እናቴ ዞረው። "ሰማሽ? አባቷን ቁማር ከለከለች! ቤት ያሳደጋት ልጅ ናት!" እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አጠገቤ መጡና "ያ... ፊት ለፊት ያልከው... የትኛው ነው?" አሉኝ።

ሦስታችንም ጉብታው ላይ ወጣን። ጥያቄው ተላከ፣ ወዲያው ተፈቀደ። ከዚያ የእኛ ኔትወርክ እስኪያወርደው ድረስ እናቴ አንድ ሙሉ ጋቢ የምትፈትልበትን ጊዜ ጠበቅን። እንዳለቀም ስልኩ ጮኸ፤ ጥሩወርቅ ከዚያ ወዲያ ሆና ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ፊቷ ብቅ አለ። ከስታለች። እናቴ እንደ ልማዷ "ደህና ነሽ! ደህና ናት! ፀጉሯን ተሠርታለች!" እያለች ጮኸች፣ ግድግዳው አጠገቧ ተቀምጦ በገዛ ዓይኑ እያየ። አባቴ ከደረታቸው መስቀላቸውን አወጡና ሊያሳልሟት ወደ ስልኩ አስጠጉ። ካሜራውን ሸፈኑት።

"አባባ፣ ጨለመብኝ" አለች። ጥቂት ዝቅ አደረግኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ሆና መስታወቱን ስትስም ከንፈሯ መላውን ስልክ ሞላው።

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "አባባ... ለፋሲካ ልምጣ? ይፈቅዱልኛል?"

አባቴ ዓይናቸው በመስታወቱ ላይ ተንከራተተ። "ይፈቀድ የሚለው የት ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ። መልስ ሳልሰጥ ያገኙትን አንዲቷን ቁልፍ፣ ቀይዋን፣ በሙሉ ኃይላቸው ተጫኑ።

ስልኩ ተዘጋ። ፊቷ ጠፋ።

"ምን አደረግሁ? የት ሄደች?" ስልኩን ገለባብጠው ሰጡኝ። "እንቢ ያልኳት ይመስላት ይሆን?" ሲሉ የስልኩ ሕፃን እውነትም ሕፃን መሰሉ። እኔ መልሼ ልደውል ስታገል፣ ስልኩ በእጄ ላይ እንደገና ጮኸ። አባቴ ነጠቁኝ። ገና ፊቷ ሳይመጣ፣ ከጉብታው ማዶ የሚግጡት ከብቶች ቀና እስኪሉ ድረስ ጮኹ።

"ፈቅጃለሁ! ፈቅጃለሁ! ነይ!"

ስንወርድ አያ ደሴ ከደጃቸው ተቀምጠው ሞፈር ይጠርቡ ነበር። አባቴ ቆሙ።

"ያ ኩባንያ ካሳ የተፈረደበትን በግ እኔ እከፍልለታለሁ" አሏቸው። "ለፋሲካ ይታረዳል።"

አያ ደሴ መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። "ፍርዱ ልክ አልነበረም ነው የምትለን?"

"ፍርዱማ ልክ ነው። ገበያ መዝጋት አይገባም።"

"ታዲያ ምን አግኝተህ ነው የምትክስለት?"

አባቴ ስልኩን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

"ጥሩወርቅ ትመጣለች" አሉ።